በጥምቀት ሰሞን የከፈትኩት አባሪ ፋይል

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. የምሠራበት ድርጅት የሰባት ወር ሒሳብ በአንድ ሌሊት ተቆልፎ ቀረ። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ በኢሜይል የመጣልኝን አንድ የወርድ ፋይል ከፍቼ። ታሪኩን ለመጻፍ ዓመታት የዘገየሁት አፍሬ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በማውቃቸው ሁለት ድርጅቶች ተመሳሳይ ነገር ደርሶ፣ በሁለቱም ቦታ ፋይሉን የከፈተው ሰው እንደ እኔው ነገሩን ደብቆ እንደነበር ስሰማ፣ ዝምታዬ ማንንም እንዳልጠቀመ ገባኝ። ይህን የምጽፈው በተለይ በትናንሽ ቢሮዎች ውስጥ በሒሳብ፣ በግዥና በመዝገብ ቤት ለሚሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሲቀበሉና ሲልኩ ለሚውሉ ሰዎች ነው።

ድርጅታችን የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ከቻይና አስመጥቶ ለጅምላ ነጋዴዎች የሚያከፋፍል አነስተኛ አስመጪ ነው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ብባልም ከእኔ ሌላ በክፍሉ ያለችው አንዲት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ናት። አምስት ዴስክቶፖችና የሥራ አስኪያጃችን ላፕቶፕ በአንድ ስዊች ይገናኛሉ። ሒሳባችንን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ድርጅቶች ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው የምንሠራው፤ ዳታው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሼር በተደረገ ፎልደር በኩል ይገቡበታል። ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) የምንለው ደግሞ ከኮምፒውተሬ ጀርባ ተሰክቶ የሚውልና የሚያድር አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር። ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ አንቲቫይረሱም ፈቃድ የሌላቸው፣ በተለምዶ «ክራክ» የምንላቸው ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ያቆመው ጥር 5 ቀን ነበር፤ ያ ኢሜይል የደረሰኝ ልክ በስምንተኛው ቀን ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ማሳበብ አልችልም፤ የእኛ ማሽኖች ከተጫኑበት ዕለት ጀምሮ ማሻሻያ እንዳይቀበሉ ተዘግተው ነበርና ቀኑ ቢራዘም ኖሮም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

የዚያ ዓመት ጥምቀት ሰኞ ዋለ። ረቡዕ ጥር 13 ቀን ወደ ሥራ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት አስቸኳይ ጉዳዮች ይጠብቁኝ ነበር። አንደኛው የታኅሣሥ ወር የቫት ሪፖርት ነው። ሁለተኛው በጉዞ ላይ ያለ የአንድ ኮንቴይነር ሰነድ ነው፤ በፓኪንግ ሊስቱ (በዕቃው የአስተሻሸግ ዝርዝር) ላይ የተጻፈው የካርቶን ብዛት ከኢንቮይሱ ጋር ስላልገጠመ አቅራቢያችን አስተካክላ እንድትልክልን ለሁለት ሳምንት ስንጻጻፍ ቆይተናል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስለሚገባ፣ ከዚያ በፊት ካልላከችልን ቢሮዋ ተዘግቶ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ደርሶ፣ እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችን ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የጠበቅኩት መልስ መጣ። ርእሱ እኔው የጻፍኩት ርእስ ነው። ከሥሩ ባለፈው ሳምንት የላክሁላት መልእክት ቃል በቃል ይታያል። ከላይ የምጻጻፋት የሽያጭ ሠራተኛ ስም አለ፤ «የተስተካከለውን ሰነድ ከአባሪው ይመልከቱ» የሚል አጭር እንግሊዝኛም ተጽፏል። ስለ ቫይረስ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ምክር «ከማታውቂው ሰው የመጣ ኢሜይል አትክፈቺ» የሚል ነበር። ይህ ግን ከማውቃት ሰው፣ በማውቀው ጉዳይ፣ በምጠብቀው ሰዓት የመጣ ነው። ያልተመለከትኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከስሟ ጎን በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው የኢሜይል አድራሻ የእርሷ አልነበረም።

በኋላ እንደተረዳሁት አስቀድሞ የተበከለው የአቅራቢያችን ኮምፒውተር ነው። አጥፊዎቹ ከዚያ የተሰረቁ የኢሜይል ልውውጦችን ወስደው፣ ሰዎች ባቋረጡበት ቦታ ገብተው መልስ የሚሰጡ መስለው ይጽፋሉ። ኢሞቴት የተባለው ስመ ጥፉ ፕሮግራም በእነዚያ ዓመታት በመላው ዓለም የተሰራጨው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ በጥር 2013 የስምንት አገሮች የሕግ አስከባሪዎች ተባብረው መረቡን ቢበጣጥሱትም ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014፣ ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ ላኪውን ማወቃችሁ ዋስትና አይሆንም። የምታውቁት ሰው ራሱ የተዘረፈ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉን ስከፍት ከጽሑፍ ይልቅ አንድ ሥዕል ወጣ። ሰነዱ በቆየ የወርድ ስሪት ስለተዘጋጀ ለማንበብ በመጀመሪያ «ኢኔብል ኢዲቲንግ»፣ ቀጥሎም «ኢኔብል ኮንተንት» የሚሉትን መጫን እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ሁለቱንም ተጫንኩ። አንድ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሰነዱ ግን ባዶ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ «አልከፈት ብሎኛልና ድገሚልኝ» የሚል መልስ ጽፌ ወደ ቫት ሥራዬ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቁልፎች የሚያደርጉትን ባውቅ ኖሮ አልጫናቸውም ነበር። ከኢንተርኔት የመጣ ሰነድ ሲከፈት ወርድ በራሱ ጊዜ «ለማየት ብቻ» በሆነ ሁኔታ ያሳየናል፤ የመጀመሪያው ቁልፍ ያንን አጥር ያነሣል። ሁለተኛው ደግሞ በሰነዱ ውስጥ የተደበቀው ማክሮ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ማክሮ ማለት በወርድ ወይም በኤክሴል ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ብዙ ድካም የሚያቃልል መሣሪያ ቢሆንም፣ ከውጭ የመጣን ፓኪንግ ሊስት ወይም ኢንቮይስ ለማንበብ በፍጹም አያስፈልግም። በእኛ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ማክሮው ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ ዋናውን ቫይረስ አመጣው። የሚያስፈራው ሰነድ ፈቃድ የሚለምነው ነው፤ ጤነኛ ሰነድ እንዲነበብ ምንም እንድትፈቅዱለት አይጠይቅም።

የከፋው ስሕተቴ ግን ይህ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬ መንቀርፈፍ ሲጀምር አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከአንድ ወር በፊት የመጋዘን ኃላፊያችን በፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ አምጥተው ሥራ አስኪያጁ በሁላችን ፊት ሲቆጧቸው አይቻለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያችንም ተቀጣሪ ሳይሆን ሲጠራ የሚመጣና በየምልልሱ የሚከፈለው ሰው በመሆኑ፣ «ይምጣልኝ» ማለት ወጪ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ነገ ይሻለው ይሆናል ብዬ ሳላጠፋው ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ዕድል አንድ ጊዜ ደጄን አንኳኳች። የጉምሩክ ሥራችንን የሚሠሩልን ትራንዚተር ደውለው፣ «እህቴ፣ ማታ የላክሽልኝ ኢንቮይስ እኮ አልከፈት አለኝ፤ የምን ዕቃ ነው?» አሉኝ። እኔ ምንም አልላክሁላቸውም። «በስሕተት ሄዶ ይሆናል፣ ይተዉት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ጥሪ ነው። ቫይረሱ የእኔንም ኢሜይል ዘርፎ በስሜ ለደንበኞቻችን መጻፍ ጀምሯል ማለት ነበር፤ ፋይሎቻችን ግን ገና አልተነኩም ነበር። በዚያች ሰዓት የኔትወርክ ገመዱን ነቅዬ ባለሙያውን ብጠራው ኖሮ ይህ ታሪክ በአንድ ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ያልቅ ነበር። ማንም ሰው ያልላካችሁትን ፋይል «ላክሽልኝ» ወይም «ላክህልኝ» ብሎ ቢደውል፣ በእጃችሁ ያለውን ሥራ ሁሉ ጥላችሁ ተነሡ።

አርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው የሚገቡት የመጋዘን ኃላፊው በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ የስቶኩ ኤክሴል እምቢ አለኝ፤ ስሙም ተለዋውጧል» አሉኝ። የእኔንም ስከፍት ያው ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ተቀጥለዋል፤ በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ ቁልፉን ከፈለጋችሁ በአምስት ቀን ውስጥ 1,500 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ ይላል። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 48 ሺህ ብር ያህል መሆኑ ነው።

የዚያች ጠዋት ድንጋጤ በጥፋት ላይ ጥፋት አስከተለ። የተረፈ ነገር ካለ ላድን ብዬ የግል ፍላሼን ሰካሁ፤ እርሱም ከነቤተሰብ ፎቶግራፉ ተቆለፈ። ኮምፒውተሮቹን ደጋግመን አጠፋናቸው፣ አበራናቸው። ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ገብተው ስለ ጉዳዩ ገና ሳንነግራቸው ላፕቶፓቸውን ከኔትወርኩ ጋር አገናኙ፤ የእርሳቸውም ፋይሎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሄዱ። ባለሙያው በስልክ መጀመሪያ የተናገረው ቃል «ስዊቹን ንቀሉ! ሌላውን በኋላ ትነግሩኛላችሁ» የሚል ነበር። ከኮምፒውተሬ ጀርባ ተሰክቶ የሚያድረው ሃርድ ዲስክ፣ ባክአፓችን ብለን የተመካንበት፣ ከሁሉ ጋር አብሮ ተቆልፏል። ለቫይረሱ የተሰካ ዲስክ ማለት አንድ ተጨማሪ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያስቀምጣቸውን የቀድሞ ቅጂዎችም አስቀድሞ ደምስሷቸው ነበር።

ብዙ ሰው «አንቲቫይረስ ብትጭኑበት አይለቅም ወይ?» ሲል ጠይቆናል። አይለቅም። አንቲቫይረስ ቫይረሱን ያወጣዋል፤ የተቆለፈውን ግን አይከፍትም። ሌባ ሳጥንህን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ቢሄድ፣ ሌባውን ከግቢ ማባረር ሳጥኑን እንደማይከፍተው ማለት ነው። ቁልፉ ያለው በእነርሱ እጅ ነው፤ በመገመት እንዳይገኝ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ለመክፈል አዘንብለው ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ሁለት ነገሮች አቆሟቸው። ባለሙያው ከከፈሉት ሰዎች መካከል ቁልፍ ያልተሰጣቸው እንዳሉ ነገራቸው። የትኛው ባንክ ለዚህ ዶላር ይፈቅድልናል የሚለው ጥያቄም መልስ አልነበረውም። በዚህ መሃል በሰው በሰው አንድ «ዳታ መላሽ» ነኝ ባይ መጣ፤ በ70 ሺህ ብር እርግጠኛ ሆኜ እመልሳለሁ አለ። ባለሙያችን እንዴት እንደሚመልሰው ሲጠይቀው ማስረዳት አልቻለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት በስውር ቤዛውን ከፍለው ትርፋቸውን መጨመር ነው። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚዘረፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ይልቅ የተጠቀምነው «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለውን ነፃ አገልግሎት ነው። የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልና ሁለት የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያዎች በሐምሌ 2008 የመሠረቱት ሲሆን፣ ከተቆለፉት ፋይሎች ሁለቱንና የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ስትሰጡት የቫይረሱን ዓይነት ለይቶ፣ መክፈቻ የተገኘለት ከሆነ ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል። ለእኛው ዓይነት መክፈቻ አልተገኘለትም ነበር። ቢሆንም ከመሞከራችሁ በፊት ምንም ነገር ፎርማት አታድርጉ። የተቆለፉትን ፋይሎች በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ፖሊስ አንዳንድ ጊዜ የአጥፊዎቹን ሰርቨር ሲይዝ ቁልፎቹ ይወጣሉ። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነውና፣ ስታመለክቱ የሚጠየቀው ማስረጃ የመጣው ኢሜይልና ያው ጽሑፍ ስለሆነ እነርሱን አትደምስሱ። እኔ በእፍረት ኢሜይሉን ደምስሼው ስለነበር ባለሙያው ከቆሻሻ መጣያው ፈልጎ ነው ያወጣው።

ያዳነን ወረቀት ነው። የውጭ ኦዲተራችን የ2011 በጀት ዓመት ሲዘጋ የወሰዱት የፒችትሪ ባክአፕ በላፕቶፓቸው ላይ ተገኘ፤ ስለዚህ እስከ ሰኔ 30 ያለው ሒሳብ ተመለሰ። ከሐምሌ ወዲህ ያለውን ግን ከደረሰኝ፣ ከክፍያ ቫውቸርና ከባንክ ስቴትመንት እየለቀምን እንደገና መመዝገብ ነበረብን። የዕቃ ክምችቱ ሊታወቅ የቻለው የመጋዘን ኃላፊው «ኮምፒውተር እያለ ምን ያደርግልዎታል?» እያልን ስንቀልድባቸው ቢን ካርዳቸውን (የዕቃ መመዝገቢያ ካርዳቸውን) በእጅ መጻፍ ባለማቆማቸው ነው። ካርዶቹን በካርቶን ተሸክመው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ፣ «እቺ መብራትም አትፈልግ፣ ቫይረስም አይዛት» አሉና ሳቁ። ከጥር ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። የታኅሣሥን ቫት ከደረሰኞች ሠርተን ጥር 29 ቀን፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው አስገባን። ቀሪው ምዝገባ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ አምስት ሳምንት ወሰደ።

ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ለሥራ አስኪያጁ የነገርኳቸው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ባለሙያው ምንጩን ሊደርስበት ሲል። የጠበቅኩት ስንብት ነበር። እርሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ረቡዕ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን መለስኩላቸው፤ የመጋዘን ኃላፊውን ሲቆጧቸው አይቼ ስለፈራሁ ነው አልኳቸው። በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስበው፣ ከእንግዲህ አጠራጣሪ ነገር ከፍቶ ወዲያው የተናገረ ሰው እንደማይጠየቅ፣ የሚጠየቀው የደበቀ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ከገዛናቸው ዕቃዎችና ከጫንናቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይህ ቃል ነው። አለቃ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ስትቆጡ የሚሰማችሁ የተቆጣችሁት ሰው ብቻ አይደለም።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች አሉን። አርብ ማታ አንደኛውን ሰክተን ባክአፕ እናደርጋለን፣ ነቅለን ሥራ አስኪያጁ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል፤ በሚቀጥለው አርብ ሌላኛው ተራውን ይወስዳል። ከዋናው ጋር ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ መሆኑ ነው። በየሦስት ወሩ ከዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሰን ፒችትሪ መከፈቱን እናረጋግጣለን፤ ሳይሞከር የተቀመጠ ባክአፕ ባዶ ሆኖ የተገኘበትን ቢሮ አውቃለሁ። አንዳንድ ሰው በጉግል ድራይቭ ማስቀመጥ ይበቃል ይላል። ከኮምፒውተራችሁ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ከሆነ የተቆለፈውም ፋይል ተከትሎ ይጫናል፤ የቀድሞውን ቅጂ ለ30 ቀናት ስለሚያቆይ ግን ቶሎ ከደረሳችሁ ማዳን ይቻላል። የመብራትና የኢንተርኔት ነገር ባለበት አገር እኔ የተነቀለውን ዲስክ እመርጣለሁ።

አባሪ ፋይሎችን በተመለከተ፣ ቢቻል ወደ ኮምፒውተሩ ሳናወርድ እዚያው ጂሜይል ላይ እናያቸዋለን፤ በዚያ መንገድ ማክሮ አይሠራም። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን፣ ማለትም የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን የስሙን የመጨረሻ ፊደላት፣ እንዳይደብቅ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ሥር ያለውን ምርጫ በሁሉም ማሽን ላይ አብርተናል። ቅጥያን መደበቅ ጥንታዊ ወጥመድ ነው፤ በሚያዝያ 1992 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያናወጠው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የመጣው፣ ስሙ በቲኤክስቲ የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ መስሎ እየታየ እውነተኛው ቅጥያው ቪቢኤስ ተደብቆ ስለነበር ነው። ዛሬም ፒዲኤፍ መስሎ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይል ይላካል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት በ2014 ዓ.ም. ከኢንተርኔት የመጡ ሰነዶች ማክሮ እንዳይሠራ ማገድ ሲጀምር፣ አጥፊዎቹ አይኤስኦ፣ ሾርትከትና ዋንኖት ወደሚባሉ ሌሎች የፋይል ዓይነቶች ዞሩ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ልከው የይለፍ ቃሉን እዚያው ኢሜይል ላይ የሚጽፉም አሉ፤ ይህ የሚደረገው ኢሜይሉን የሚፈትሸው ፕሮግራም ውስጡን እንዳያይ ነው። ምሥጢር ለመጠበቅማ ቢሆን ቁልፉን ከሳጥኑ ጋር ማን ይልካል?

ጥርጣሬ ሲኖር በስልክ እናረጋግጣለን፤ ከዚያው ኢሜይል ላይ በተጻፈ ቁጥር ሳይሆን አስቀድሞ በምናውቀው ቁጥር። ለቻይና መደወል ውድ ነው የሚል ሰው አለ፤ ቻይናውያን በሚጠቀሙበት የመልእክት መላላኪያ በዊቻት አንድ ቃል መጠየቅ ምንም አያስወጣም። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል የሚል ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ በድምፅ ሳናረጋግጥ ሰባራ ሳንቲም አንልክም።

ክራክ ሶፍትዌሮቹን ጥለናል። ወጪው ቀላል አልነበረም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓመት ከስድስት ወር ነው የጨረስነው። ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ማሻሻያውን እስከተቀበለ ድረስ ለእንደኛ ዓይነት ቢሮ የሚበቃ ሆኖ አግኝተነዋል፤ በውስጡ ያለው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባለው ምርጫ ሲበራ የማይታወቅ ፕሮግራም የሒሳብ ፎልደራችንን እንዳይነካ ይከለክላል። መጀመሪያ ላይ ፒችትሪንም ከለከለውና ፈቃድ መስጠት ነበረብን፤ ቢያጋጥማችሁ አትደናገጡ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ የቀሩንን ሁለት አሮጌ ማሽኖች ከኢንተርኔት አውጥተናቸዋል። ሁላችንም የምንሠራው አድሚን ባልሆነ የተጠቃሚ ስም ነው፤ ፕሮግራም መጫን የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላም የተሰረቀው ኢሜይል ተሰርቋል። የይለፍ ቃሎቻችንን ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ ቀየርን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራን። ከዚያም እኔና ጀማሪዋ ባልደረባዬ የደንበኞቻችንን ዝርዝር ተከፋፍለን ሁለት ቀን ሙሉ እየደወልን «በስማችን የመጣ ፋይል አትክፈቱ» አልን። ከሕይወቴ አስቸጋሪ የስልክ ጥሪዎች መካከል ናቸው፤ ከሁሉ የከበደኝም ለትራንዚተሩ የደወልኩት ነው። እርሳቸው ፋይሉን የሞከሩት በስልካቸው ስለነበር ምንም አልደረሰባቸውም።

ባለፈው ዓመት ያች ባልደረባዬ የኔትወርክ ገመዷን በእጇ እንደያዘች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከአንድ አቅራቢ የመጣ ኤክሴል «ኢኔብል ኮንተንት» የሚል ቢጫ መስመር እንዳወጣባትና ሳትነካው ገመዱን እንደነቀለች ነገረችኝ። ደውለን ጠየቅን፤ አቅራቢው ራሱ የሠራው የዋጋ ማስያ ማክሮ ያለበት ትክክለኛ ፋይል ነበር። ዋጋውን ብቻ በፒዲኤፍ እንዲልክልን ጠየቅነው፣ ላከልን። ሥራ አስኪያጁ ሰምተው ምሳ ጋበዟት።

የተቆለፉት ፋይሎች ያሉበት ዲስክ ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። በየጥቂት ወሩ መክፈቻ ተገኝቶለት እንደሆነ አያለሁ፤ እስካሁን አልተገኘም። ሒሳቡን መልሰነዋል፤ የምጠብቀው በዚያ ፍላሽ ላይ የነበሩትን የእናቴን ፎቶግራፎች ነው።